በባቢሌ ጎዳና ላይ የተሽከርካሪ ማኅደር

በአውሮፓ አገሮች የመኪና ቤት ከመኳንንቱ የሠረገላ ቤትና ከፈረሶቻቸው ጋጣ ስለ ተወለደ፣ ጋራዥ ማለት ከመኖሪያ ቤት ጎን የሚታነጽ፣ ባለቤቱም ሀብቱንና ፍቅሩን የሚገልጽበት ክፍል ሆኖ ቆይቷል። ከሐረር ተነሥቶ በቢሲዲሞ፣ በባቢሌና በካራማራ በኩል ወደ ጅጅጋ በሚወስደው ጎዳና ግን የተሽከርካሪ ማኅደር የወጣው ከሌላ ማሕፀን ነው፤ እርሱም መንገዱ ራሱ ነው። ዛሬ በሐረርም ሆነ በጅጅጋ መኪናውን እንደ ዐይኑ ብሌን የሚጠብቅ ሰው በግቢው ውስጥ ያማረ ጋራዥ ለማሠራት ሲነሣ ምሳሌውን በባሕር ማዶ ሥዕል ውስጥ ሲፈልግ አያለሁ፤ እኔ ግን በዚሁ ጎዳና ላይ ትውልድ ከትውልድ የተቀባበለው ልማድ የበለጠ እንደሚያስተምረው ስለማምን፣ ታሪኩን ከመነሻው ልተርክ ወደድሁ።

ባቢሌ ከሐረር በስተ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ወደ ቆላው በሚያዘቀዝቅበት ወሰን ላይ የተቆረቆረች፣ በምንጭ ውኃዋ፣ በኦቾሎኒዋና በግመል ገበያዋ ስሟ የተጠራ ከተማ ናት። ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ በጅጅጋ ሜዳ በኩል ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ሲመሽበት የሚያርፍበትን ስፍራ የሚመርጠው በሦስት ነገር ነበር፤ በውኃ፣ በጥላና በእሾህ አጥር። ግመሉ ተንበርክኮ ጭነቱ ከወረደለት በኋላ ገላውን የሚመለከቱለት፣ የተላጠ ጀርባውን የሚያክሙለት፣ የላላውን ገመድ የሚያጠብቁለት በዚያ ሰፈር ነው። መኪና በመጣ ጊዜም ይህ ሥርዐት አልተለወጠም፤ ለራዲያተሩ ውኃ፣ ለሾፌሩና ለመካኒኩ ጥላ፣ ለጭነቱ አጥር ያስፈልግ ስለ ነበር፣ የመጀመሪያው ጋራዥ ግድግዳ የሌለው፣ ጣሪያው የግራር ቅርንጫፍ የሆነ ሰፈር ነበር ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም።

ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ያደረሰው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ባቡሩ ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገብቶ ነበር። ለጋራዥ ታሪክ ከመኪናይቱ ይልቅ ባቡሩ የሚበልጥበት ምክንያት አለ። የባቡሩ ኩባንያ በድሬዳዋ ባቆመው የጥገና ቤት ውስጥ ብዙ የአገራችን ልጆች ብረት ማቅለጥን፣ መሞረድን፣ መበየድንና መለካትን ስለ ተማሩ፣ መኪና ወደ ምሥራቁ ክፍል በብዛት በገባ ጊዜ እጁ ከብረት ጋር የተዋወቀ ሰው ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

በብዛት የገባው ግን፣ ያሳዝናል፣ ከጦርነት ጋር ነው። በ1928 ዓ.ም. ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ከቱርካዊው አማካሪ ከወሂብ ፓሻ ጋር ሆነው ጅጅጋን መቀመጫቸው አድርገው የኦጋዴንን ግንባር ሲመሩ፣ ከወዲያ በኩል የተሰለፈው የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ከአሜሪካ ሳይቀር ባስገዛቸው የጭነት መኪናዎችና ትራክተሮች ሠራዊቱን እያመላለሰ ገፋ፤ በሚያዝያ መጨረሻም ጅጅጋና ሐረር ተያዙ። ከዚያ በኋላ ጣሊያኖች ከሞቃዲሾ እስከ ሐረር ያለውን መንገድ ለከባድ መኪና እንዲመች አድርገው ሠሩት። በዚያ ዘመን በአገራችን መንገዶች ላይ ስሙ የገነነው ፊያት 634 ነበር፤ ሾፌሮቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት፣ የገዛ አገሩ ሰዎች ደግሞ ስለ ጥንካሬው «ዝሆን» ብለው የሰየሙት የናፍጣ መኪና ነው። የዝሆን መጠለያ በምትሆነው በባቢሌ ምድር ይህ ስም ያለው መኪና ማለፉ ለእኔ ደስ የሚያሰኝ ግጥምጥሞሽ ነው።

በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሠራዊት፣ በተለይም የናይጄርያ ብርጌድ፣ ሞቃዲሾ ላይ በተማረከ ቤንዚን እየተነዳ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ በ17 ቀን ጨርሶ መጋቢት 8 ቀን ጅጅጋ ገባ። በካራማራ ያለውን የማርዳን በር፣ ቀጥሎም የባቢሌን ጠባብ መተላለፊያና ቢሲዲሞን እየተዋጋ አልፎ መጋቢት 17 ቀን ሐረርን ያዘ። ብዙ ጊዜ ታሪክ ጸሐፊዎች የዚህን ግስጋሴ ክብር ለጄኔራሎቹ ብቻ ይሰጣሉ፤ እኔ ግን በዚያ አቧራና ድንጋይ ላይ ባሌስትራ ሲሰበር ሌሊቱን በፋኖስ የሚቀይሩት፣ ጎማ የሚለጥፉትና ካንዴላ የሚጠርጉት ስማቸው ያልተጻፈ መካኒኮች የድሉ ተካፋዮች እንደ ሆኑ አድርጌ እቈጥራቸዋለሁ።

ከነጻነት በኋላ የጠላት መኪናዎች በአገር ውስጥ ቀርተው ለሕዝብ ማመላለሻና ለንግድ ዋሉ፤ ከጣሊያን ባለሙያዎችም በአገሩ የቀሩት ብዙ ወጣቶችን በእጃቸው አሠለጠኑ። በጊዜው የመለዋወጫ ዕቃ እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረምና ከአንዱ የሞተ መኪና ለሌላው ሕይወት መስጠት የዘወትር ሥራ ሆነ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዶች መጠገን ሲጀምሩ፣ በየከተማው በር ላይ በቆርቆሮ የታጠሩ፣ በመካከላቸው ጉድጓድ የተቆፈረላቸው ጋራዦች በረከቱ።

ስለዚህ ጉድጓድ ጥቂት ልቆይ፤ የጋራዡ መቅደስ እርሱ ነውና። ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ የሚሠራበት፣ ጎንና ጎኑ በድንጋይ የተገነባ፣ ሥራ በማይኖርበት ጊዜ በወፍራም ሳንቃ የሚከደን ጠባብ ምድር ቤት ነው። መካኒኩ ከውስጥ ሆኖ «13 ቁልፍ!» ሲል፣ ከላይ በጕልበቱ የተንበረከከው ረዳት ዐይኑ ሳይንከራተት ከተዘረጋው ጆንያ ላይ አንሥቶ በእጁ ያስጨብጠዋል፤ ቁልፎቹ ሁልጊዜ ከትንሹ ወደ ትልቁ የሚደረደሩት ለዚህ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ በጉድጓዱ ውስጥ ይተኛልና፣ ልምድ ያለው ሰው ሳንቃውን አንሥቶ ነፋስ ሳያስገባበት አይወርድም፤ ክብሪትም አያስጠጋም። በቤቱ ጋራዥ የሚያሠራ ወዳጄ ሁሉ ጉድጓዱን ነፋስ በሚመላለስበት በኩል፣ በሁለት በሮች መካከል እንዲያስቆፍር እመክራለሁ።

ሐረር ደግሞ ለመኪና ወዳጅ ልዩ ትምህርት ቤት ናት፤ ፔጆ 404 እዚያ ታክሲ ሆኖ የዕድሜ እኩዮቹን ሁሉ ጥሎ ኖሯልና። ይህ መኪና ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራ፣ ቅርጹን የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የነደፈው፣ ማርሹ ከመሪው ሥር የሚገባ፣ 1,618 ሲሲ የሆነው ሞተሩ በ45 ዲግሪ ተጋድሞ የተቀመጠ ነው፤ ኮፋኖው ሲከፈት እጅ እንደ ልብ ስለሚገባበትም መካኒኮቻችን ወደዱት። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ44፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ61 ሳንቲም ሲሆን፣ በዙሪያው ሰው ተንቀሳቅሶ እንዲሠራ 6 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል ይበቃዋል፤ ጠረጴዛና ሞርሳ የሚጨምር ሰው ግን በርዝመቱ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ያክል።

የግድግዳው ነገር ሲነሣ ከሐረር ጀጎል ቤቶች የተሻለ መምህር አላውቅም። የሐረሪ ቤት ሳሎን ነደባ በሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች የተከፈለ፣ ግድግዳው ውስጥም ቅርጻቸው የተስተካከለ ማስቀመጫዎች የተፈለፈሉለት ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ዕቃ የታወቀ ስፍራ አለው፤ የጎደለውም ወዲያው ይታያል። ይህን ሥርዐት ለቁልፍ፣ ለፒንሳ፣ ለካቻቢቴና ለክሪክ ማዋል ምን ይከለክላል? ድንጋዩም ሩቅ አይደለም፤ በባቢሌ አቅራቢያ ባለው በዳካታ ሸለቆ አንዱ በአንዱ ላይ የቆመው አለት ተአምሩ ሳይነካ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ አካባቢው ለግንበኛ የሚበቃ ድንጋይ ሞልቶታል፤ የድንጋይ ግድግዳም የቀኑን ሐሩር ወደ ውስጥ ፈጥኖ አያስገባም። በሩ ወደ ምዕራብ ባይዞር ይሻላል፤ የከሰዓቱ ፀሐይ ጎማንና ቀለምን ይጎዳልና።

አንድ ነገር ግን ከቀደሙት አንወርስ። በአሮጌዎቹ ጋራዦች የተቃጠለ ዘይት እዚያው አፈር ላይ ይደፋ ስለ ነበር መሬቱ እስኪጠቁር ድረስ ጠጥቶታል። የባቢሌ ውኃ ከምድር ሆድ የሚፈልቅ፣ በጠርሙስ ተሞልቶም በመላ አገሪቱ ሲጠጣ የኖረ ነው፤ አፈሩ የጠጣውንም ዝናቡ ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ አዲሱን ጋራዥ የሚያሠራ ሰው ወለሉን በሲሚንቶ አስለስኖ ወደ አንድ ጥግ በጥቂቱ እንዲያዘቀዝቅ፣ በዚያም ጥግ የፈሰሰውን የሚቀበል ጎድጓዳ እንዲያበጅ፣ ከሞተሩ የሚወርደውንም ዘይት ክዳን ባለው በርሜል እንዲያጠራቅም ያስፈልጋል፤ በርሜሉም ከሁሉ አስቀድሞ፣ ቁልፎቹ ገና ሳይሰቀሉ፣ ስፍራው ይለይለት።