አፈ ጉባኤው የተንበረከከበት ቀን

የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥር 4 ቀን 1642፣ በአገር ክህደት የከሰሳቸውን አምስት እንደራሴዎች ለመያዝ ወታደሮች አስከትሎ ወደ ምክር ቤቱ ገብቶ ሰዎቹ ወዴት እንዳሉ ቢጠይቅ፣ አፈ ጉባኤው ዊሊያም ሌንታል በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ምክር ቤቱ ካላዘዘው በቀር የሚያይ ዓይን፣ የሚናገርም አንደበት እንደሌለው መለሰ። ይህ ትሕትና የተጐናጸፈ እምቢታ፣ በእኔ ግምት፣ ከሠራዊት የበረታ ነበር። አምስቱ አስቀድመው በቴምዝ ወንዝ በጀልባ አምልጠው ነበርና ንጉሡ ባዶ እጁን ወጣ፤ በዚያው ዓመት ጦርነት ተነሣ፣ በ1649ም አንገቱ ተቀላ። እንደራሴ በጉባኤ ስለ ተናገረው ቃል በሌላ ችሎት እንዳይጠየቅ የሚከለክለው ድንጋጌ በ1689 በእንግሊዝ የመብት ሕግ ተጻፈ፤ ከዚያው ዘውድ በጦር የተለዩት አሜሪካውያንም በ1787 በሕገ መንግሥታቸው አጸኑት። የእንግሊዝ ንጉሥ እስከ ዛሬ በጉባኤ ላይ ወዳለው የሕዝብ ምክር ቤት አይገባም።