ቅቤ፥ ውሃና አረቄ፤ ስለ ቆዳ መድኃኒት አዘገጃጀት በኮልፌ

ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ ሕክምና የጻፉት ሊቃውንት ከሁሉ አብልጠው የደከሙት በዕፅዋት ስም ላይ ነው። ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ በ1930 በፓሪስ አሳተመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስቴፋን ስትሬልሲንም በ1968 እና በ1973 ባወጣቸው ሁለት ቅጾች በብራና የሚገኙትን የዕፅ ስሞች አንድ በአንድ ከሳይንሳዊ ስማቸው ጋር ለማገናኘት ጥሯል። የደጋ ዳሞቱ ግራዝማች ገብረ ወልድ አረጋኸኝ የጻፉት የመድኃኒት መጽሐፍም በ1971 በፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ አማካይነት ለምሁራን ቀርቧል። ይህ ሁሉ ድካም የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር በጥላ ሥር ቀርቷል። ይኸውም ዕፁ የሚዋሐድበት ነገር፥ ማለት ማሟሚያው ነው።

የመድኃኒት መጻሕፍቱ ራሳቸው ግን ማሟሚያውን አይዘነጉም። ቅጠሉን ወይም ሥሩን ከጠቀሱ በኋላ በምን እንደሚለወስ ይናገራሉ፤ በማር፥ በቅቤ፥ በውሃ፥ በጠጅ ወይም በጠላ። አንባቢ ይህን እንደ ወጥ ቅመም ቆጥሮ ያልፈው ይሆናል። ይሁንና ከአንድ ዕፅ ውስጥ የትኛው ኃይል እንደሚወጣና የትኛው እንደሚቀር የሚወስነው ማሟሚያው ነው። በተለይ በቆዳ መድኃኒት ረገድ የቅጠሉ ስም ብቻ ተይዞ ማሟሚያው ከተረሳ፥ የቀረው እውቀት እኩሌታውን እንኳ አይሞላም።

ይህን ነገር ለመመርመር በአዲስ አበባ ምዕራብ ያለችው ኮልፌ የተመቸች ሥፍራ ናት። የመርካቶ ጎረቤት እንደ መሆኗ ከቅመም ተራ የሚወጣው ደረቅ ሥርና ፍሬ በቀላሉ ይደርስባታል። ነዋሪዎቿም ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ጉራጌው፥ ስልጤው፥ ኦሮሞው፥ አማራው ሁሉ የየእናቱን መድኃኒት ይዞ ገብቷል። ከዚህም በላይ ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ በሚባለው ክፍለ ከተማ ውስጥ፥ በዘነበወርቅ ሠፈር፥ በአገሪቱ የቆዳ ሕክምና ታሪክ ታላቅ ስም ያለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ይገኛል። የቤቱ መድኃኒትና የሐኪም ቤቱ መድኃኒት እንዲህ ጎን ለጎን የኖሩበት ሠፈር ብዙ አይደለም።

ከማሟሚያዎቹ ሁሉ ቀደምቱ ቅቤ ነው። ለጋ ቅቤ ፀጉርንና ገላን ለማለስለስ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ሲሆን፥ መድኃኒቱም በዚሁ ልማድ ላይ ተሳፍሮ የመጣ ይመስላል። የመቅመቆ ሥር ተወቅጦ በቅቤ ሲለወስ ቅቤው ቢጫ ወደ ቀይ የሚያደላ ቀለም ይይዛል፤ ያ ቀለም የሥሩ ኃይል ወደ ስቡ መግባቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ቀለሙን የሚሰጡት አንትራኪኖን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች በውሃ በጣም በጥቂቱ፥ በስብና በአልኮል ግን በተሻለ ሁኔታ ይሟሟሉና። የእነርሱ ዘመድ የሆነውን ክሪሳሮቢንን በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ለጭርት ሲያዙ እነርሱም በስብ ለውሰው ይቀቡት ነበር። አንዱ ከሌላው ሳይማር ሁለቱ ወደ አንድ መንገድ መድረሳቸው ያስገርማል። አረቄ ከቤታቸው በማይገባ ብዙ ሙስሊም ቤተ ሰቦች ዘንድ ደግሞ የቅቤውን ሥራ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይጋራዋል።

ስለ ውሃ ሲነሣ የእንዶድ ታሪክ ይበቃል። ሴቶች የእንዶድን ፍሬ ወቅጠው በውሃ ሲያሹት አረፋ ያወጣል፤ በዚህም ልብስም ገላም ይታጠብ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው፥ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ የሚገድል መድኃኒት ከዚሁ ፍሬ እንደሚገኝ አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ኬሚስቶች የደረሱበት ግን ከግኝቱ ያነሰ አያስደንቅም። በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን ቀንድ አውጣን ለመግደል የሚበቃው ፍሬው ከተወቀጠ በኋላ ከውሃ ጋር ሲገናኝና የፍሬው የራሱ ኤንዛይም ሲሠራበት ነው፤ በአልኮል በቀጥታ ሲወጣ ይህ ለውጥ አይፈጸምም። እንግዲህ ልብስ አጣቢዋ ሴት በድንጋይ ወቅጣ በውሃ ያሸችበት ዘዴ፥ በቤተ ሙከራ በአልኮል ከመዘፍዘፍ ይልቅ ለዚህ ፍሬ የተስማማ ነበር ማለት ነው። ቢሆንም እንዶድ ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል፤ ይህንንም አጣቢዎቹ ሴቶች ከማንም ቀድመው ያውቁታል።

ሦስተኛው ማሟሚያ አረቄ ነው። በመድኃኒት ቤት ቋንቋ ቲንክቸር የሚባለው በአልኮል የተዘፈዘፈ ዕፅ ሲሆን፥ ከተማው ይህን ስም ይበልጡን የሚያውቀው ቁስል ላይ ከሚደረገው ከቲንክቸር አዮዲን ነው። የጆርጂያ ተወላጅ የሆነው ዶክተር ሜራብ በምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ከከፈተ ወዲህ የጠርሙስ መድኃኒት ለከተማው ሰው እንግዳ አልሆነም። በቤት የሚወጣው ተራ አረቄ በመቶ 30 ገደማ፥ ዳግም የተባለው ደግሞ እስከ 45 ገደማ አልኮል ይይዛል፤ የኋለኛው ለቲንክቸር የሚበቃ ብርታት አለው። ስለዚህ ቅጠል በአረቄ ዘፍዝፎ መቀባት የአውሮፓን መድኃኒት ቤት በራስ ጋን እንደ መድገም ነው።

ነገር ግን ማሟሚያው ሲለወጥ መድኃኒቱም ይለወጣል። ጤና አዳምን እንመልከት። ይህ ተክል በየጓሮው ያለ፥ በቡና ላይ የሚጣል፥ ማንም የማይፈራው ነው። በውስጡ ግን ፉሮኩማሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ እነዚህም በውሃ በጥቂቱ፥ በአልኮል ግን በብዛት ይሟሟሉ። ቆዳ ላይ ከዋሉ በኋላ ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳውን እንደ እሳት ያቃጥሉታል፤ ውሃ ይቋጥራል፥ ከዳነም በኋላ ጥቁር ምልክት ለብዙ ጊዜ ይቀራል። በውሃ የተነከረው ቅጠል ብዙም ሳይጎዳ ሲያልፍ፥ በዳግም አረቄ ለሳምንት የተዘፈዘፈው ያው ቅጠል ፊት ላይ ተቀብቶ ወደ ገበያ ከተወጣ አደጋ ነው። በአያት ዘንድ የተፈተነው አንዱ ሲሆን የልጅ ልጅ በጠርሙስ የያዘችው ሌላው ነው፤ ስሙ ብቻ አንድ ነው።

ይኸው ኃይል በሌላ አገር በሕክምና ላይ ውሏል። ኢብን አል በይጣር በ13ኛው መቶ ዘመን በሰሜን አፍሪካ ሰዎች የአንድን ተክል ፍሬ ወስደው ፀሐይ በመሞቅ ለምጽን እንደሚያክሙ ጽፎ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻም ኤል ሞፍቲ የተባለ ግብጻዊ ሐኪም ከዚያው ተክል የወጡትን ንጥረ ነገሮች ለምጽ ባለባቸው ሰዎች ላይ ፈተነ። የዛሬው የብርሃን ሕክምና አንዱ ሥር ከዚህ ይመዘዛል።

ለምጽ የሚለው ስም ግን በአማርኛ ብዙ ጉዳት ያደረሰ ስም ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በኦሪት ዘሌዋውያን የተነገረው ደዌ ለምጽ ተብሏል፤ በተራ ንግግር ደግሞ ቆዳን ነጭ የሚያደርገውና ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፈው ምልክት ለምጽ ይባላል። ሥጋ ደዌም ሲጀምር ብዙውን ጊዜ የሚታየው እንደ ገረጣ ቁራጭ ቆዳ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮች በአንድ ቃል ሥር ተጠለሉ። ቋቁቻም ነጣ ብሎ ስለሚታይ አራተኛ ሆኖ ይጨመራል፤ ለቋቁቻና ለጭርት የሚቀባው የብሳና ጭማቂ ደግሞ ቆዳን የሚቆጣ ነው። ሥጋ ደዌ የያዘው ሰው የገረጣውን ቆዳውን በብሳና ሲቀባ ማቃጠሉ አይሰማውም፤ ቦታው ደንዝዟልና። አለመሰማቱንም የመድኃኒቱ ልስላሴ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል፤ ይልቁንም ወደ ሐኪም ሊያስሮጠው የሚገባው ምልክት እርሱ ነበር።

በኮልፌ ያለው ሆስፒታል የተመሠረተው በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሚሲዮናውያን ሲሆን፥ ስሙን ያገኘው ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ለሥጋ ደዌ የሚታዘዘው መድኃኒት ራሱ የዕፅ ዘይት ነበር፤ ከሕንድ አገር ፍሬ የሚጨመቅ ቻውልሙግራ የተባለ ዘይት ሲሆን በመርፌ ሲሰጥ እጅግ ያሠቃይ ነበር። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሰልፎን የተባሉት መድኃኒቶች ተኩት። በ1965 በዚሁ ሥፍራ አለርት ተቋቋመ፤ አጠገቡም በ1873 የበሽታውን ተሐዋስ ባገኘው በኖርዌዩ ሐንሰን ስም የተጠራ የምርምር ተቋም ተከተለ። በ1981 የዓለም የጤና ድርጅት ሁለት ሦስት መድኃኒቶችን አንድ ላይ መስጠትን መከረ፤ በሽታውም በወራት የሚድን ሆነ። የሞተ ነርቭ ግን አይመለስም፤ በቤት መድኃኒት ያለፉት ወራት የሚቆጠሩትም በጣት መጉበጥና በእግር ቁስል ነው።

ጤና ሠራተኛው የገረጣውን ቆዳ ሲመረምር የሚጠቀምበት መሣሪያ የጥጥ ጫፍ ነው። በሽተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ጥጡ የነካውን ቦታ በጣቱ እንዲያመለክት ይጠየቃል፤ ሳያመለክት ከቀረ ምርመራው ይቀጥላል። ይህን ማንኛዋም እናት ቅቤውን ወይም አረቄውን ከመክፈቷ በፊት በገዛ ቤቷ ልታደርገው ትችላለች።