የአሉሚኒየም መርዛማነት በሰብል ላይ

የአሉሚኒየም መርዛማነት በአሲዳማ አፈር ውስጥ የሟሟ አሉሚኒየም የሰብልን ሥር ሲጎዳና ምርት ሲቀንስ የሚከሰት ችግር ነው። ዝናብ በሚበዛባቸው የሐሩር አገሮች በሰፊው ይታያል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል፤ ወለጋና ጎጃም በይበልጥ ከተጎዱት አካባቢዎች መካከል ናቸው።

መንስኤ

አሉሚኒየም ከመሬት ቅርፊት ክብደት 8 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ በማንኛውም አፈር ውስጥም አለ። አብዛኛው በሸክላ ማዕድናት ውስጥ ታስሮ ስለሚኖር ተክልን አይጎዳም። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ ግን እየሟሟ ሥር ወደሚደርስበት ውሃ ይገባል። አፈርን አሲዳማ ከሚያደርጉት ምክንያቶች መካከል ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን አጥቦ መውሰዱ፣ የሰብል ተረፈ ምርት ከማሳ ተጠርጎ መነሳቱ፣ እንዲሁም እንደ ዩሪያ ያሉ ማዳበሪያዎችን ለረጅም ዘመን መጠቀም ይገኙበታል።

ጉዳት

መጀመሪያ የሚጎዳው የሥር ጫፍ ነው። ሥሩ አጭር፣ ወፍራምና ተሰባሪ ይሆናል፤ ወደ ታች ዘልቆ እርጥበት ስለማያገኝም ሰብሉ ዝናብ ትንሽ ሲቋረጥ ይጠወልጋል። በተጨማሪም አሉሚኒየም ፎስፈረስን ስለሚያስር ገበሬው የገዛው ማዳበሪያ ጥቅሙ ይቀንሳል። በቅጠል ላይ የሚታየው ምልክት የፎስፈረስ እጥረት ስለሚመስል ችግሩን በትክክል ለመለየት የአፈር ምርመራ ያስፈልጋል።

መቀነሻ መንገዶች

ብረቱን ከአፈር ማውጣት ስለማይቻል ዓላማው እንዳይሟሟ ማድረግ ወይም ተክሉ እንዲቋቋመው መርዳት ነው።

ኖራ፦ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ (ካልሲየም ካርቦኔት) ፒኤችን ከፍ በማድረግ አሉሚኒየሙን ወደማይሟሟ ውሁድ ይለውጠዋል። መጠኑ በአፈር ምርመራ ይወሰናል፤ ብዙ ጊዜ በሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል ይደርሳል። ከዘር በፊት አስቀድሞ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር በደንብ መቀላቀል አለበት። ከልክ በላይ ከሆነ ግን የዚንክና የብረት እጥረት ያመጣል።

ብስባሽና ፍግ፦ በመበስበስ የሚፈጠሩት ኦርጋኒክ አሲዶች አሉሚኒየምን ይይዙታል። የእንጨት አመድም አሲዳማነትን ይቀንሳል፤ አመድና ፍግ የሚደፋበት የጓሮ መሬት ከሩቅ ማሳ ያነሰ አሲዳማ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ታጋሽ ሰብልና ዝርያ፦ ገብስ በቀላሉ ይጎዳል፤ አጃና ድንች የተሻለ ይቋቋማሉ። ታጋሽ የስንዴ ዝርያዎች ከሥራቸው ጫፍ ማሌት የተባለ አሲድ አመንጭተው አሉሚኒየሙን ያስሩታል። ይህን የሚቆጣጠረው ዘረ መል በ2004 እ.ኤ.አ. ተለይቷል። በማሽላ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ሲትሬት ነው።

ተግባራዊ እንቅፋት

ኖራ ከባድ በመሆኑ ከፋብሪካ እስከ ማሳ ማጓጓዙ ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ኖራው ከተጨመረ በኋላም አሲዳማነት የሚያመጡት ምክንያቶች ካልቆሙ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መድገም ግድ ይሆናል። ታጋሽ ዝርያ ብቻውን ምርት ቢሰጥም አፈሩን አያክምም። ስለዚህ ኖራን፣ ብስባሽንና ታጋሽ ዝርያን አጣምሮ መጠቀም ይመከራል።