ሞተለሚ የማን ንጉሥ ነው?

ሳሊተ ምሕረት ደጃፍ የገዛሁትን ገድለ ተክለ ሃይማኖት ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ ያየ የወላይታ ልጅ ጓደኛዬ «ሞቶሎሚን ምን ብለው ጻፉት?» አለኝ። ገድሉ ሞተለሚ ይለዋል፤ ሸዋን ወርሮ የጻድቁን እናት እግዚእ ኃረያን የማረከ፣ ሊያገባት ሲል ቅዱስ ሚካኤል ያስጣለበት አረማዊ የዳሞት ንጉሥ። በወላይታ ትውፊት ግን ሥርወ መንግሥት የመሠረተ ጀግና ነው።

የደብረ ሊባኖሱ ገድል የተጻፈው ጻድቁ ካረፉ 200 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ እሳቸውን ለማወደስ ነው። ጸሐፊው ግን ሳያስበው አንድ ነገር ነገረን፦ ክርስቲያን ያልሆነ ንጉሥ ሸዋ ድረስ ይዘምት ነበር። ለማወደስ ተብሎ እንዲህ ያለ ነገር አይፈጠርም። ታደሰ ታምራትም እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ ገድላትን እንደ ታሪክ ምንጭ ተጠቅመዋል።

አውሮፓም እንዲሁ ነው። ኤውጊፒዮስ እ.ኤ.አ. በ511 የጻፈው የቅዱስ ሴቬሪኖስ ገድል ላይ፣ ዳኑብ ዳር የሚኖሩት ጀርመናውያን ሩጊዎች ንግሥት ጊሶ ወርቅ አንጥረኞችን ቆልፋባቸው ጌጥ ታሠራለች። ተአምሩን ተዉት፤ የተቆለፈውን በር ግን አምናለሁ።

ሞተለሚንም እንደዚሁ። የወረራው ሰለባና የወራሪው ወገን አንድ ስም ላይ ሲገናኙ፣ አንዱ ከሌላው ኮፒ ካላደረገ በቀር፣ ሰውየው ነበረ እላለሁ። «ተክለ ሃይማኖት አጠመቁት ይላል» አልኩት ጓደኛዬን። መጽሐፉን ይዞት ሄደ።