ወይን ስለ ጐደለበት ስለ ቃናው ሠርግ፤ ታሪክና ሐተታ

በአገራችን ጥር የሠርግ ወር ነው። ጾመ ነነዌና ዐቢይ ጾም ሳይገቡ ሁሉ ልጁን ሊድር ይጣደፋልና። በዚሁ ወር በ12 ቀን ቤተ ክርስቲያናችን በቃና ዘገሊላ የሆነውን ሠርግ ታስባለች። አባቶች እንዳስተማሩን ነገሩ የተፈጸመው የካቲት 23 ቀን ነው፤ ጌታችን ጥር 11 ቀን ተጠምቆ 40 ቀን ከጾመ በኋላ በሦስተኛው ቀን ማለት ነው። ነገር ግን የውኃን በዓል ከውኃ በዓል ጋር ለማስማማት በጥምቀት ማግስት እንዲከበር ሠሩልን። ስለ ቀኑ ይህ ይበቃል፤ አሁን የምንመረምረው ያ ሠርግ እንዴት ሊበላሽ እንደ ደረሰ፥ ደስታውም ከየት እንደ ተገኘ ነው።

በዕብራውያን ሥርዐት ሠርግ የአንድ ቀን ግብር አልነበረም፤ ሰባት ቀን ይፈጃል። ለዚህ ምስክር የሚሆኑ ሁለት የቀደሙ ሠርጎች በብሉይ ኪዳን አሉ፤ ሁለቱም የተበላሹ ናቸው። ሶምሶን በተምና ሰባት ቀን ግብር አድርጎ ለ30 ሚዜዎቹ እንቆቅልሽ ቢያቀርብላቸው፥ ሙሽራይቱን አስፈራርተው ፍችውን ከእርስዋ አገኙ። እርሱም ተቈጥቶ ወደ አባቱ ቤት ሄደ፤ ሚስቱም ለሚዜው ተሰጠች። ከዚያ ሠርግ የወጣው እሳትና ደም ነው፤ ደስታ የሚፈልግበት ሰው ቢደክም እንጂ አያገኝም።

የያዕቆብ ግን ሌላ ነው። ስለ ራሔል ሰባት ዓመት ከተገዛ በኋላ፥ ላባ የአገሩን ሰው ሰብስቦ ግብር አበላ፤ በሌሊትም ያገባለት ልያን ነበረ። ሲነጋ ነገሩ ተገለጠ። ላባ ታናሺቱን ከታላቂቱ በፊት መዳር የአገሩ ልማድ እንዳይደለ አመካኝቶ፥ የልያን ሱባዔ እንዲፈጽም ነገረው። ስለ ያዕቆብ መታለል ብዙ ይነገራል፤ በዚያች ጧት የልያ ፊት ምን ይመስል እንደ ነበረ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ባልዋ ያልወደዳት ይህች ሴት አራተኛ ልጅዋን በወለደች ጊዜ ይሁዳ ብላ ጠራችው፤ ምስጋና ማለት ነው። ከይሁዳ ዳዊት፥ ከዳዊትም ዘር በቃና የታደመው ጌታ ተወለደ። ያዕቆብም ሊሞት ሲቀርብ እንዲቀብሩት ያዘዘው ራሔል ባረፈችበት በኤፍራታ መንገድ አይደለም፤ ልያን በቀበረበት በመካፌላ ዋሻ ነው እንጂ።

የቃናው ሠርግ ጉዳት እንደ ተንኰል ያለ አልነበረም፤ ጉድለት ነበረ። ቃና የናትናኤል አገር የሆነች የገሊላ መንደር ናት። ስፍራዋ የት እንደ ነበረ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ፤ አንዳንዱ ከናዝሬት በሰሜን ምሥራቅ ያለችውን ከፍር ካናን ይላል፤ ሌላው ከዚያ ወደ ሰሜን በቤት ኔጦፋ ሸለቆ ማዶ የሚገኘውን ኪርቤት ቃና የተባለውን ፍርስራሽ ይመርጣል። በአይሁድ ዘንድ ሠርግ ከደስታው ጋር ሒሳብም ነበረበት። ከጌታ ልደት በኋላ በ200 ዓመት ገደማ በተሰበሰበው ሚሽና በሚባለው የሕግ መጽሐፍ፥ ሚዜ ለሠርግ ያመጣው ስጦታ እንደ ብድር ተቈጥሮ በዳኛ ፊት ይጠየቅ ነበር። ዛሬ የበላ ነገ ያበላል። በዚህ መካከል ጋኑ የደረቀበት ሰው ኃፍረቱ በዚያ ቀን አያበቃም። ባላባቶቻችንም ይህን ያውቁታል፤ ግብሩ ካማረለት ይልቅ ጠጁ ያለቀበት ሰው ስሙ ሲነሣ ይኖራል።

እመቤታችን ጉድለቱን አየች፤ ለታዳሚው አላወራችም፥ ለሊቀ ምርፋቁም አልነገረችም፤ ለልጅዋ ብቻ አሳሰበች።

በዚያ ስድስት የድንጋይ ጋኖች ነበሩ። ወንጌላዊው ድንጋይ መሆናቸውን በከንቱ አልጻፈም። በሕገ ኦሪት የሸክላ ዕቃ ቢረክስ ይሰበራል፤ ድንጋይ ግን በአይሁድ መምህራን ሥርዐት ርኵሰት አይቀበልምና ለማንጻት ውኃ ተመረጠ። በ2009 ዓ.ም. በናዝሬትና በከፍር ካና መካከል ባለችው በሬና፥ በዚያ ዘመን ከኖራ ድንጋይ ዕቃ ይጠረብበት የነበረ ዋሻ ተቈፍሮ ተገኝቷል። እያንዳንዱ ጋን ሁለት ወይም ሦስት መስፈሪያ ይይዛል፤ የግሪኩ መስፈሪያ 39 ሊትር ያህል ነውና፥ የስድስቱ ድምር ከ468 እስከ 702 ሊትር ይደርሳል። ለመንደር ሠርግ ይህ ይበዛል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን እንዲህ የሚል ሰው የሠርግ ጓዳ ገብቶ አያውቅም እላለሁ።

ጋኖቹን እስከ አፋቸው ሞሏቸው ማለቱ፥ ከላይ ወይን ጨምረውበት ነው እንዳይባል ነው። አንድም፥ ይሞሉ ዘንድ መታዘዛቸው ጐድለው እንደ ነበረ ያስረዳል፤ ታዳሚው ሁሉ እየታጠበ ውኃውን ሳይጨርሰው አልቀረም። እንግዲህ በዚያ ቤት ያለቀው ወይኑ ብቻ አልነበረም፤ የደስታውም መግቢያ ይኸው ሁለተኛው ባዶ ዕቃ ሆነ። ጋኖቹ ሞልተው ቢሆን ኖሮ አገልጋዮቹ ምን ይቀዱ ነበር?

ሊቀ ምርፋቁ ከየት እንደ መጣ ሳያውቅ ቀመሰ፤ ሙሽራውንም ጠርቶ፥ ሰው ሁሉ መልካሙን አስቀድሞ ተራውን በኋላ ሲያቀርብ እርሱ መልካሙን እስከዚያ ሰዓት በማቈየቱ አደነቀው። ሙሽራው ባላደረገው ተመሰገነ። እውነቱን የሚያውቁት ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ነበሩ፤ ከታዳሚው ሁሉ ይልቅ በዚያ ቀን ደስ ያላቸው እነርሱ ይመስሉኛል፤ ገና ውኃ ሳለ ተሸክመውት ነበርና። የሠርጉን ባለቤት መምህሮቻችን ዶኪማስ ይሉታል። ወንጌላዊው ግን ስሙን አልጻፈም፤ ሙሽራው ለሊቀ ምርፋቁ የመለሰለትንም ቃል አልጻፈልንም።