ሃዲዱ የቆመበት ከተማ

ባለፈው ስብሰባችን የባናና የበርኖስ ሱቃችንን ከገበያው አውጥተን ወደ መኪናው መንገድ ዳር እንውሰደው ወይስ እዚያው ይቆይ ስንባባል መሸብንና ተለያየን። እኔ ቤቴ ገብቼ ያሰብኩት ድሬዳዋን ነው። አክስቴ በልጅነቷ ከመንዝ ወርዳ ዕድሜዋን የጨረሰችው እዚያ ነበር።

አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ውሉ ሃዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ፣ ከዚያም ወደ እንጦጦ እንዲዘልቅ ነበር። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት። ዳገቱም ወጪውም ከበደና ሃዲዱ ከተራራው ግርጌ በሜዳው እንዲያልፍ ተደረገ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የደረሰው ሐረር ሳይሆን ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ «አዲስ ሐረር» ብለው ሰየሙት፤ ስሙ ግን አልያዘም፣ ሰዉ ድሬዳዋ እንዳለው ቀረ። ቦታው ባዶ አልነበረም፤ ኦሮሞውና ሶማሌው ከብቱንና ግመሉን የሚያሰማራበት መሬት ነበር። ብዙ ጸሐፊ ይህን በአንድ መስመር ያልፈዋል፣ እኔም እንዲሁ አለፍኩት።

ከተማ ያደረገው የባቡሩ መምጣት ብቻ አይመስለኝም፤ እዚያ መቆሙም ጭምር ነው። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን በባቡሩ ጉዳይ ተናቆሩ፤ ሥራው ለዓመታት ተቋረጠ። ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ሃዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው ቡናውና ቆዳው ከበቅሎና ከግመል ጀርባ የሚራገፈው ድሬዳዋ ላይ ሆነ። ነጋዴ ሲያራግፍ ይበላል፣ ያድራል፣ ይገዛል። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ዐረቡም፣ ሕንዱም ሱቅ ከፈተ። ቀድሞ የሲራራ ነጋዴ ማረፊያ የነበረችው ጊልዴሳ ግን ሃዲዱ ሲርቃት ተረሳች።

ኩባንያው በደቻቱ በአንዱ ወገን ጣቢያውን፣ የጥገና ፋብሪካውንና ቀጥ ያለ መንገድ ያለውን ከዚራን ሠራ። ገበያውና ብዙው ሰው ማዶ፣ መጋላ ነበር። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ብቻ ነው፤ ሲሞላ ግን ምሕረት የለውም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል።

አክስቴ ጎህ ሳይቀድ እንጀራዋን ጋግራ ለባቡር ሠራተኞችና ለመንገደኞች ትሸጥ ነበር። የታሪክ መጻሕፍቱ የኩባንያውን ሰዎች በስም ያነሳሉ፣ ያንን ሁሉ ሰው ያበሉትን ሴቶች ግን አይጠሩም። እሷ «ባቡር ሲዘገይ የኔ ቀን ነው» ትል ነበር። መንገደኛው እስኪሳፈር ይርበዋላ! በሰዓቱ መጥቶ በሰዓቱ ሲሄድ ግን እንጀራዋ ያድርባታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ደግሞ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሏል፤ ይህን ሳታይ ነው ያረፈችው።

ስለ ሱቃችን ስናወራ ሁላችንም መኪና ያልፋል አልን እንጂ ይቆማል ወይ ብላ የጠየቀች አልነበረችም። ከመጪው ስብሰባ በፊት ሁለት የገበያ ቀን መንገዱ ዳር ተቀምጬ የሚቆሙትን እቆጥራለሁ። አብራኝ የምትቀመጥ እህት ካለች ትንገረኝ፤ ቆሎውን እኔ እይዛለሁ።