ማሽን የማን ነው? የበረዶ ሞተር ታሪክና የጋራዥ ቋንቋ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አንድ ሰው ማሽን ገዛ፤ ሊብሬውም በስሙ ወጣ። ነገር ግን መንገድ ላይ ሲቆምበት ምኑ እንደተበላሸ መናገር እንኳ አይችልም። ይህ ማሽን በእርግጥ የእሱ ነው?

ጥያቄውን ይዤ ዛሬ ከእኛ ሰፈር ራቅ ወዳለ ታሪክ እወስዳችኋለሁ። ፈረንጆች ስኖውሞቢል የሚሉት፣ እኔ ደግሞ የበረዶ ሞተር የምለው ማሽን ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ፣ ቫልኩር በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ጆሴፍ አርማን ቦምባርዲየር በ1907 ተወለደ። ገና በ15 ዓመቱ የአሮጌ ፎርድ መኪና ሞተር ከእንጨት መንሸራተቻ ጋር አገጣጠመ፤ ከኋላው እንደ አውሮፕላን የሚሽከረከር ፕሮፔለር ሰክቶ በረዶ ላይ ነዳው። አባቱ የሚሽከረከረውን ፕሮፔለር አይተው ደነገጡና ማሽኑን እንዲፈታው አዘዙት። ፈታው፤ ሐሳቡን ግን አልተወውም። በ19 ዓመቱ የራሱን ጋራዥ ከፈተ።

በዚያ ዘመን የኩቤክ ገጠር መንገዶች በረዶ ሲጥል ይዘጉ ነበር። መኪና ለወራት ይቆማል፤ ሰው በፈረስ በሚጎተት መንሸራተቻ ይጓዛል። በ1934 መጀመሪያ፣ በዚያው የብርድ ወራት፣ የቦምባርዲየር የሁለት ዓመት ልጅ ኢቮን ትርፍ አንጀት ታመመ። ሆስፒታሉ ያለው ሸርብሩክ ከተማ ነው። መንገዱ ተዘግቷል። አባትየው ለዓመታት ሲሞክራቸው ከነበሩት የበረዶ ተሽከርካሪዎች አንዱም ለጉዞ የደረሰ አልነበረም። ልጁ ሞተ።

የሰው ሁሉ መኪና የሚጠግን መካኒክ የራሱን ልጅ ሐኪም ዘንድ ማድረስ አቃተው። ከዚህ የበለጠ የሚያንገበግብ ነገር የለም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ ቦምባርዲየር ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አገኘ። ፈጠራው ሲታይ ቀላል ነው፤ ከኋላ በጥርሳም ጎማ የሚዞር የላስቲክ ሰንሰለት፣ ከፊት ደግሞ መሪውን የሚከተሉ ሁለት ስኪዎች። ሰንሰለቱ ክብደቱን በሰፊ ቦታ ስለሚያከፋፍለው ማሽኑ በረዶው ውስጥ አይሰምጥም። በመጀመሪያ 7 ሰው፣ ቀጥሎም 12 ሰው የሚይዙ ተሽከርካሪዎች ሠራ። ሐኪም፣ ፖስታና ተማሪ የሚያመላልሱት እነዚህ ሆኑ።

ከዚያ መንግሥት መጣ። በ1948 የኩቤክ አስተዳደር መንገዶች ሁሉ ከበረዶ እንዲጠረጉ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ለሕዝቡ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ ለቦምባርዲየር ግን ገበያው ቀዘቀዘ። እሱም ፊቱን መንገድ ወደሌለበት አዞረ። በ1959 አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ቀለል ያለ ማሽን አወጣ፤ ስሙ ስኪ ዱ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ይዞ የሄደው በሰሜን ኦንታሪዮ፣ ላንስዳውን ሃውስ ለሚያገለግል ሚስዮናዊ ወዳጁ ነበር። በውሻ ይጎተት የነበረውን መንሸራተቻ ለመተካት የታሰበው ማሽን ብዙ ሳይቆይ የሀብታሞች መዝናኛም ሆነ። ቦምባርዲየር ራሱ ግን ይህን ሁሉ አላየም፤ በ1964 በ56 ዓመቱ አረፈ።

እዚህ ላይ ወደ ቋንቋው ልምጣ። የእኛ መካኒክ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ ሲል በጣሊያንኛ እየተናገረ መሆኑን አያስበውም። ቃላቱ ከባዕድ መጡ፣ በዘይት በቆሸሸ እጅ ታሹና የእኛ ሆኑ። እነዚህን ቃላት የያዘ ሰው የበረዶ ሞተር ፊት ቢቆም ግማሹን ያውቀዋል። ካንዴላው ያው ካንዴላ ነው፤ ካርቡራተሩም ያው ካርቡራተር።

ግማሹ ግን ያደናግራል። ጀማሪ "ክላች" ሲሰማ በግራ እግሩ የሚረግጠው ፔዳል ይፈልጋል፤ አያገኝም። በዚህ ማሽን ላይ ክላች የሚባሉት ሁለት ፑሊዎች ናቸው፤ አንዱ ሞተሩ ላይ፣ ሌላው ሰንሰለቱን በሚያዞረው በኩል። በመሃላቸው የላስቲክ ቺንጋ ይሮጣል። ሞተሩ ሲፈጥን የፊተኛው ፑሊ ሁለት ጎኖች ይቀራረባሉ፣ ቺንጋው ወደ ላይ ይወጣል፣ ፍጥነቱም ያለ ማርሽ ይቀየራል። ያ ቺንጋ ጫካ መሃል ከተበጠሰ ሞተሩ ቢጮህም ማሽኑ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው መለዋወጫ ቺንጋና ካንዴላ ሳይዝ ከቤቱ አይወጣም።

ሌላም አለ። ብዙዎቹ አሮጌ የበረዶ ሞተሮች ቱ ስትሮክ ናቸው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል። ዘይት የረሳ ሰው ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቅበታል። ሰንሰለቱ የሚንሸራተትበትን የፕላስቲክ ሐዲድ ደግሞ የሚያለሰልሰውና የሚያቀዘቅዘው በረዶው ራሱ ነው፤ አስፋልት ላይ ብዙ የነዳው ሰው ሐዲዱን ያቀልጠዋል። ሰንሰለቱ ከላላ ጥርሱን ይስታል፤ ከጠበቀ ያለ ጊዜው ያልቃል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ማሽኑ ከመቆሙ በፊት ድምፁን ይሰማል።

አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ደግሞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ፊንላንድ እንሻገር። በዚያ ያሉት ስኮልት ሳሚዎች ሬንዲር የሚባለውን የበረዶ አገር አጋዘን የሚያረቡ ሕዝቦች ናቸው። የበረዶ ሞተር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደረሳቸው፤ በአሥር ዓመት ውስጥ አኗኗራቸውን ገለበጠው። ፔርቲ ፔልቶ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ይህን ሲያጠና ቆይቶ በ1973 መጽሐፍ አሳተመበት።

ያየው ነገር ያስገርማል። ማሽኑ የቀናት መንገድን ወደ ሰዓታት አሳጠረ፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ቀድሞ መንሸራተቻ የሚጎትተው አጋዘን የሚበላው ከመሬቱ ነበር፤ ማሽኑ ግን ቤንዚን፣ መለዋወጫና ብድር ይበላል። በሞተር ድምፅ የሚነዱት አጋዘኖች ከሰው እየራቁ ዱር ለመዱ። ጥሬ ገንዘብ የነበራቸው ቤተሰቦች ቀደሙ፤ ሌሎቹ መንጋቸው እየሳሳ ከእረኝነት ወጡ። ሀብታቸው ተቀራራቢ በነበረ ሕዝብ መካከል ልዩነት ገባ። የቀሩት እረኞች ግድ ሆኖባቸው መካኒክነትን ተማሩ፤ የአጋዘን ጠባይ ያጠኑ የነበሩ ሰዎች የካርቡራተር ጠባይ ማጥናት ጀመሩ።

ከዚህ ተነስቶ ማሽን አይምጣ የሚል ሰው ካለ አልስማማም። የኢቮንን ሞት የሚያስታውስ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ቦምባርዲየር ማሽኑን የፈጠረው እየፈታና እየገጠመ ስላደገ ነው። ስኮልት ሳሚዎች ግን ተሠርቶ ያለቀ ማሽን፣ ከሌላ አገር፣ በሌላ ሰው ቃል ተቀበሉ፤ እውቀቱ የደረሳቸው ዋጋውን ከከፈሉ በኋላ ነው። ያለ እውቀት የተገዛ ማሽን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በሚኒሶታ፣ በአልበርታ፣ በስዊድንና በኖርዌይ ያላችሁ ወገኖች፣ አንድ ቀን ጎረቤት ጋብዟችሁ እዚህ ማሽን ላይ ትወጡ ይሆናል። ጋዙን ከመጫናችሁ በፊት ክዳኑን አስከፍቱት። ቺንጋው የቱ ነው፣ ዘይቱ የት ይገባል፣ በድንገት ማጥፊያው የቱ ጋ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ጀማሪ ቢጠይቅ አያፍርም፤ የሚያሳፍረው ሳይጠይቁ ጫካ ውስጥ መቅረት ነው።

አገር ቤት ያለነውም አዲስ ማሽን በገባ ቁጥር መጀመሪያ የምንጠይቀው ዋጋውን ነው። ሁለተኛው ጥያቄያችን "ማን ይጠግነዋል? በየትኛውስ ቃል?" ይሁን። ካንዴላንና ቺንጋን የራሳቸው ያደረጉት አባቶቻችን መልሱን በእጃቸው አሳይተውናል።